ከማኒላ የመጣው መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት አንድ ሱቅ ስገባ ዘበኛው እጄ ላይ ሳኒታይዘር ረጨልኝ። ሽታው አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ፣ ያ ገጹ የተሸበሸበ መጽሐፍ ትዝ አለኝ።

የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ መሀል ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር። በኮሮና ምክንያት ሎክዳውን ታውጆ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ ስለነበራት የመንቀሳቀሻ ፐርሚቷን ይዛ ጠዋት በታክሲ ትወጣለች፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እናቴን "እማ" ብዬ አልጠራትም ነበር። አራት ዓመቴ ላይ ለአክስቴ ትታኝ ከአገር ወጣች፤ ያስመጣችኝ ዐሥራ ሦስት ሲሞላኝ ነው። "እማ" የምላት አክስቴን ነበር። እናቴን ስፈልጋት ፊቷ ሄጄ እቆማለሁ፣ ቀና እስክትል ድረስ።

ፊት ለፊታችን አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ትኖር ነበር። ምግብ ስትሠራ የኮምጣጤና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ኮሪደሩን ይሞላዋል። አንድ ቀን በራችን ላይ ተቀምጬ ስታየኝ መጽሐፍ ይዛ ወጣች። የአገሯ ጸሐፊዎች ለወጣቶች የጻፏቸው አጫጭር ታሪኮች ናቸው፣ በእንግሊዝኛ። ገጾቹን ሳይቀር በሳኒታይዘር ጠርጋ ወለሉ ላይ አስቀመጠችልኝና ራቅ አለች።

"ልጄ የምትወደው መጽሐፍ ነው" አለችኝ። "ማኒላ ናት፤ በዕድሜ እኩያሽ ናት። ስድስት ዓመት አላየኋትም። ምኑን እንደወደደችው ልወቅ ብዬ አስመጣሁት።"

ከታሪኮቹ አንዱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናትየዋ ከዐረብ አገር ሥራ ከብዙ ዓመት በኋላ ትመለሳለች። ልጅቷ ልትቀበላት ትሄዳለች፤ "እናቴ" ማለት ግን ያቅታታል። ከባዱን ሻንጣ ከእጇ ትቀበላታለች፤ ታሪኩ እዚያው ያበቃል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ማስክ ትሰፋ ነበር።

"ምንድን ነው እንዲህ የያዘሽ?"

"ታሪክ ነው።"

"እስቲ ለእኔም ንገሪኝ።"

ቀስ እያልኩ ወደ አማርኛ መለስኩላት። ሻንጣው ጋ ስደርስ መርፌዋ ቆመ።

"ታዲያ መጨረሻ ላይ እናቴ አለቻት?"

መጽሐፉ እንደዚያ አይልም። እኔ ግን "አዎ፣ አለቻት" አልኳት።

እናቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ባትላትም አይፈረድባትም" አለች፣ ቀና ሳትል። "እናትየዋ ትጠብቃታለች።"

በረራ ሲከፈት ነርሷ ወደ አገሯ ተመለሰች። ልትሄድ ስትል በራችንን አንኳኳች፤ ከማስኳ በላይ ዐይኖቿ ብቻ ይታያሉ። "ልጄ ባትቀርበኝስ?" አለችኝ፣ እኔ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስል። "ጊዜ ስጪያት" አልኳት። ተቃቅፈን መሰነባበት እንኳ አልቻልንም። የሰጠችን ስልክ ቁጥር ከጥቂት ሳምንት በኋላ አልሠራ አለ። ልጇ እንዴት እንደተቀበለቻት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ሱቅ አግዛት ጀመር። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ደንበኛ ዳቦ ጠየቁኝ፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስኳር እየመዘነች ነበር።

"እማ፣ ዳቦ አልቋል እንዴ?" አልኩ፣ ሳላስበው።

ስኳሩ መፍሰሱን አቆመ። አልዞረችም።

"ጓዳ አለ" አለችኝ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ባለ ድምፅ።

ዳቦውን ላመጣ ስገባ አሮጊቷ በዙሉ አንድ ነገር ሲጠይቋት ሰማሁ። እናቴ ዙሉ እንደ ውኃ ነበር የምትናገረው። ያን ቀን ግን "አዎ፣ ልጄ ናት" ብላ መለሰችላቸው፣ በአማርኛ።