ለፋፊያችን ማይክ ፊት

መንግሥት ለትንንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮዎች ፈቃድ የሚሰጥበት መመሪያ ሲወጣ እኛም የጉለሌ ሰዎች ማመልከቻ አስገባን። መመሪያው ጣቢያው የነዋሪው እንዲሆን፣ የሚናገርበትም ነዋሪው ራሱ እንዲሆን ያዛል። ይቺን አንቀጽ በየስብሰባው ሰው እስኪሰለቸው ድረስ አነበብኳት። ፈቃዱ ሲመጣ እንደ ሕፃን ዘለልኩ፤ አላፍርበትም።

የከፋቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የእድራችን ለፋፊ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማለዳ የቀጨኔን ዳገት እየወጡና እየወረዱ፣ ጡሩምባ እየነፉ ማን እንደሞተና ቀብሩ መቼ እንደሆነ ሲናገሩ ኖረዋል።

"እንግዲህ አንቴና ካቆማችሁ እኔን ማን ይፈልገኛል?" አሉኝ።

በኋላ ያቺው አንቀጽ ትዝ አለችኝ። እሳቸውስ ነዋሪ አይደሉ? የሰፈር ማስታወቂያ አንባቢ እንዲሆኑ የሬዲዮውን ኮሚቴ ተጨቃጭቄ አሳመንኩ።

ሊቀዱ የመጡ ቀን ጉድ ፈላ። ዊንጌት አካባቢ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይኩ ፊት ቆመው፣ እንደለመዱት ዳገት የሚያሻግር ጩኸት ለቀቁት። ቴክኒሺያኑ ማዳመጫውን ከጆሮው መንጭቆ አወለቀ። ቀስ እንዲሉ ብንለምናቸው፣ ታዲያ ቀጨኔ ድረስ እንዴት ይሰማል ብለው ድርቅ አሉ። አምስት ጊዜ ደገምን። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና በስድስተኛው ማይኩ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ቀጨኔን ይተዉት። ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ።"

ነገሩኝ፤ እንደ ሰው፣ ቀስ ብለው።

የሚተላለፍበት ሰዓት ሲደርስ ቀጨኔ ድረስ ይሰማል ብንላቸው አላመኑንምና አብሬያቸው ቀጨኔ ሄድኩ። አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ድምፃቸው ከባለሱቁ ሬዲዮ ወጣ፤ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ የከረመው ውሃ ዛሬ ከሰዓት ይለቀቃል። ወዲያው ከየግቢው ሴቶች ጀሪካን እያንኳኩ፣ እየተሳሳቁ ወጡ። አንዷማ እልል አለች።

እሳቸው ግንቡን ተደገፉ። አሟቸው ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

"ሠላሳ ዓመት ድምፄን የሰማ ሁሉ ሲደነግጥ ነው የማውቀው" አሉ። "ሲስቅ ዛሬ አየሁ።"

እንባዬ መጣ፤ ደስ ብሎኝ ነው። እሳቸው ግን እኔን አልጠበቁም። ዳገቱን ቀድመውኝ እየወጡ፣ ለነገ የሚነበብ ምን እንዳለ ጠየቁኝ።