ወፍ የወረደበት ማሳ

ማሽላዬ ወተት በያዘበት ሰሞን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከማማዬ ላይ አስወርዶኛል። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከመለየት ብዙም አላለፈም፤ ለዚህ ግን ይበቃኛል።

የደጋ ሰው ስለ ጥቢ ሲያወራ ረጅም ያስመስለዋል። እኛ ቀወት ቆላ ላይ ግን ጥቢ ውሃ ጠጥቶ እንደሚሄድ መንገደኛ ነው። የወንዙ ድፍርስ ጠራ ስንል ሳሩ ገርጥቷል፤ በጣት ሲጫኑት ወተት ያወጣ የነበረ የማሽላ ፍሬ ሳይታሰብ ጠጥሯል። በዚያች መሀል ነው ግሪሳ የሚመጣው። ትንሽ ወፍ ነው፤ አመጣጡ ግን እንደ ደመና ነው። ከምንም በላይ የሚወደው ያንን ወተት ነው። ያንን ጊዜ ማሳውን ጠብቆ ያሳለፈ ገበሬ ዓመቱን በላ ማለት ነው።

ስለዚህ በአገራችን ሁሉም በአንድ ሰሞን ማማ ላይ ይወጣል። አንዱ ሲወነጭፍና ሲጮህ ወፉ ወደ ጎረቤቱ ይገለበጣል፤ ጎረቤትም አያሳርፈውም። እንዲህ እየተቀባበልን ከአካባቢው እናስወጣዋለን። ማማው ባዶ የሆነ ሰው የሁሉንም ወፍ ብቻውን ይቀበላል። በእኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ ጡት የሚጠባ ሕፃን ብቻ ነው።

ያን ዓመት ባሌ ለዘመቻ ተወስዶ ሰሜን ነበር። ልጆቼ ገና ሕፃናት ስለነበሩ ማማ ላይ የምወጣው እኔው ነበርኩ። የሊቀመንበሩ ማሳ ከእኔ ጋር ይዋሰናል። አንድ ጠዋት ጠመንጃ ካነገቡ ሰዎች ጋር ከማማዬ ሥር መጥቶ የማኅበሩን የጋራ እርሻ ወርጄ እንዳርም አዘዘኝ። ፍሬው እስኪጠና እንዲታገሰኝ ለመንኩት።

«አንቺ ከወፍ ጋር ስትጯጯሂ አብዮቱ ቆሞ ይጠብቅሽ?» አለኝ።

ሰዎቹ ሣቁ። ጠመንጃ የያዘ ሲስቅ ማን ይከራከራል? ወረድኩ።

ከጋራው እርሻ ሆኜ ደመናው ማሳዬ ላይ ሲወርድ አየሁ። ከሊቀመንበሩ ማማ ላይ ጩኸቱ ይሰማኝ ነበር፤ ሚስቱንና ወንድሞቹን ማንም ለአረም አልጠራቸውም። እኔን ሲለቁኝ የቀረልኝ አገዳ ነው። ያን በጋ ልጆቼን ይዤ በጣርማ በር ሽቅብ ወደ እናቴ ወጣሁና፣ በእርጅናዋ ዘመን ገብሷን ተሻማኋት።

ለሚቀጥለው ክረምት ተመልሼ ዘራሁ። ማማዬን ድንበሩ ላይ፣ ከሊቀመንበሩ አፍንጫ ሥር ተከልኩት። ጥቢ ሲገባ ጎህ ሳይቀድ እወጣና ወፉን ወደ አንድ ወገን ብቻ፣ ወደ እሱ እነዳዋለሁ። እነሱ ሲመልሱት ሳላሳርፍ መልሼ እልክላቸዋለሁ። ሚስቱ ከድንበሩ ማዶ ቆማ፣ «እህቴ፣ ስለ እግዜር ትንሽ ዕረፊ» አለችኝ። አገዳ ካማራት ከአምናው እንደምሰጣት ነገርኳት። ከዚያ ማሳ እነሱ ከሰበሰቡት ወፉ የበላው ይበልጣል። ደስ አለኝ። የልጅ ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ኃጢአት ነው ይሉኛል። ይሁን፤ ዛሬም ደስ ይለኛል።

በየጥቢው እንዲሁ አደረግኩ። በመጨረሻ እሱው ራሱ ሽማግሌ ላከ። ከግራር ሥር ፊት ለፊት አስቀመጡን። ካሣ ሊቆርጡልኝ ጀምረው ነበር፤ ካሣ አልፈልግም፣ የምጠይቀውን ብቻ ይመልስልኝ አልኩ።

«ከዚያ ሁሉ ሰው ለምን እኔን አወረድክ?»

ስለ መመሪያ፣ ስለበላይ አካል ማውራት ጀመረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የተጠየቀውን እንዲመልስ ነገሩት። በዱላው መሬቱን ጫረ።

«ወፉ ከአንዳችን ማሳ ላይ መውረዱ አይቀርም ነበር» አለ። «የሌሎቹ ሴቶች ባሎች እቤታቸው ነበሩ።»