«ጠፍተዋል» ብዬ ያነበብሁት ደብዳቤ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ንፋስ መውጫ ሰባተኛ ክፍል ስማር ነው። ዛሬ ሸምግዬም ያችን የእንግሊዝኛ ቃል ባየኋት ቁጥር ዘልያት አልፋለሁ። ለልጆቼ እንኳ አውርቼው አላውቅም።

መንደራችን ከንፋስ መውጫ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ እመጣ ነበር። ጎረቤታችን አያ ካሴ ገበያ ሲወጡ ስንቄን በአህያቸው ጭነው የሚያደርሱልኝ ጊዜም ነበር። በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ሆዳቸው አብጦ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ወረዱ። ወንድማቸው አያ ደሴ ጎንደር አድርሰው ሆስፒታል አስተኟቸውና ተመለሱ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ሕፃናቱንና ከብቱን ጥለው መሄድ አልቻሉም።

ዐቢይ ጾም ከተጋመሰ በኋላ አንድ ነጋዴ ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበርና ደብዳቤው እንግሊዝኛ ነው። ከተጻፈ ወር ገደማ ሆኖታል። በመንደሩ እንግሊዝኛ ያውቃል የሚባለው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ያን ቅዳሜም እዚያው አለሁ። እትዬ ብርቄ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ሰው ከበበኝ።

አጭር ናት። ግማሹን ቃል አላውቀውም። «ሶሪ» ትላለች፤ ይቅርታ መሆኑን አውቃለሁ። «ዊ ሎስት ሂም» ትላለች፤ እሱንም አውቃለሁ። «ሉዝ፣ ሎስት፣ ሎስት» እያልን በዜማ ሸምድደነዋል። እርሳስ ሲጠፋብን የምንላት ቃል ናት። የቀረውን አላውቀውም ማለት አፈርሁ።

«ምን ይላል ልጄ?»

«ይቅርታ ይጠይቃሉ። አያ ካሴ ጠፍተውባቸዋል።»

«ከሆስፒታሉ?»

«አዎ፣ እንዲያ ነው የሚል።»

 ከዚያ የእትዬ ብርቄ ፊት በራ። «መነሣት ያቃተው ሰው እንዴት አድርጎ ይጠፋል? በእግሩ ቆሟል ማለት ነው! ድኗል!» አሉና እልል አሉ።

አያ ደሴም «ከሐኪም የሸሸ ሰው የሚገባው ጠበል ነው» ብለው በማግስቱ በሶ ቋጥረው፣ በየጠበሉ ሊፈልጓቸው ወደ እስቴ ወረዱ።

ሁለት ሳምንት ሆነ። ህንዳዊው የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሦስት ቀን ቀርተው ዓርብ ዕለት ክፍል ገቡ። ዓይናቸው አብጧል። ካገራቸው ደብዳቤ እንደ ደረሳቸው ነገሩንና «አይ ሎስት ማይ ማዘር» አሉ። እናታቸው አርጅተው መንገድ የሳቱ መሰለኝ። አዘንሁላቸውና እጄን አውጥቼ፣ በምችለው እንግሊዝኛ «አገኟቸው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ።

አልተቆጡም። ጠመኔ አንሥተው «ሎስት» ብለው ጻፉ። ከሥሩ «ዳይድ» ብለው ጨመሩ። እሷን ቃል አውቃታለሁ። መሞት ናት።

 በእኛስ ቢሆን «እናቴን አጣሁ» ያለ ሰው ምን እንደ ደረሰበት የማያውቅ ማን አለ? ያን ቀን «አጣናቸው» ብዬ ባነብ ኖሮ የሚሳሳት አንድ ሰው አልነበረም። እኔ «ጠፉ» አልሁ።

ከክፍል ወጥቼ ወደ መንደር ገሠገሥሁ። ዝም ብልስ፣ አያ ደሴ ራሳቸው ቢደርሱበትስ እያልሁ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተቀመጥሁ። ስደርስ የእትዬ ብርቄ አጥር ላይ የአያ ካሴ ጋቢ ታጥቦ ተሰጥቷል። በዚያ ማለፍ አቅቶኝ በጓሮ ዞርሁና የንስሐ አባታቸው ቤት ገባሁ።

ቄሱ ሰምተው ሲያበቁ የሞቱበትን ቀን ጠየቁኝ። ደብዳቤው ላይ ያየሁትን የፈረንጅ ቀን ነገርኋቸው፤ ወደ እኛ እየመለስን በጣታችን ቆጠርን።

«አርባው አልፏል» አሉ። «ያለ ፍትሐት፣ ያለ ጸሎት።» 

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሩ ሄዱ። እኔም ተከተልሁ። እትዬ ብርቄ ከሩቅ አይተውን ሮጠው ወጡ።

«አገኛችሁት?» አሉ።

 ከሽማግሌዎቹ መሐል ወጥቼ «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ደብዳቤውን አሳስቼ ነው ያነበብሁት። ዐርፈዋል» አልሁ። ደንቡን አፈረስሁ፤ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ግን ሌላ ሰው እንዲናገርልኝ አልፈለግሁም።

 መሬት ላይ ተቀመጡ። «እልል ብያለሁ እኮ» አሉ፣ ወደ ማንም ሳያዩ። «በሞቱ እልል ብያለሁ።» ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አያ ደሴ ከሳምንት በኋላ እግራቸው አብጦ ተመለሱ። ከእስቴ አልፈው ስማዳ ድረስ ዘልቀው፣ በየደጀ ሰላሙ የተኛውን በሽተኛ ሁሉ ልብስ እየገለጡ ሲያዩ ሰንብተዋል። 

ተዝካሩ በሰማንያው ወጣ። እትዬ ብርቄ ራሳቸው ጠርተው አበሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ ያን ነገር አንሥተውብኝ አያውቁም። የመንደሩ ሰው «ይቅር ብለውሃል» ይለኛል። እኔ ግን ይቅርታ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ዛሬ ነገ ስል እሳቸውም ዐረፉ። ያን ቅዳሜ «አላውቀውም» ብል ኖሮ የማፍረው አንድ ቀን ብቻ ነበር።