ዘጠኝ ፎቅ በእግር

በዚያ ሕንፃ ውስጥ የእሷን ያህል ወደ ላይ የወጣ ሰው አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ቢያንስ አርባ ጊዜ፣ ከምድር ቤት እስከ ዘጠነኛ ፎቅ ወጥታለች፤ ወርዳለችም። በእነዚህ ዓመታት ደረጃውን በእግሯ የረገጠችበት ቀን ግን ስለመኖሩ ራሷም እርግጠኛ አይደለችም። የሊፍት ሠራተኛ ነበረች። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የብረቱን በር ትዘጋለች፣ እጀታውን ትገፋለች፣ ፎቁ ሲደርስ "ሦስተኛ! ሂሳብ ክፍል!" ብላ ትጣራለች። ሁሉም "እትዬ ሊፍት" ይላታል። እናቷ ያወጣችላትን ስም ከባሏ በቀር የሚጠራው የለም፤ እሱም ሲቆጣ ብቻ ነው።

መቀመጥ ምንም የማይሠሩበት ሁኔታ ይመስላል። ለሰውነት ግን መቀመጥም ትምህርት ነው። ጭን "ለካ አልፈለግም" ብሎ ይሳሳል፤ ልብም ጡንቻ ነውና በሚጠየቀው ልክ ብቻ መሥራትን ይለምዳል። እትዬ ሊፍት አርባ ስምንት ዓመቷ ላይ ስትደርስ ከበርጩማው ለመነሳት ግድግዳ መደገፍ ጀምራ ነበር። ከአውቶቡስ ፌርማታ እስከ ሕንፃው በር ያለውን መንገድ ሁለት ጊዜ ቆማ ነበር የምትጨርሰው። ያኔም የሱቆቹን መስኮት የምታይ ትመስላለች።

አንድ ጠዋት የአስተዳደር ኃላፊው ዘጠነኛ ፎቅ አስጠራት። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ሰውን ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው የሥራ መደቡ ነው። አሮጌው ሊፍት ከአሥር ሳምንት በኋላ ይነሳል። በምትኩ ሰው የማያስፈልገው፣ ቁልፍ የሚጫኑት ይተከላል። ተከላው አምስት ወር ይፈጃል። የእሷ መደብ ተሰርዟል።

"የደብዳቤ አመላላሹ ተዛውሯል፤ ቦታው ክፍት ነው ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ ይስጡኝ" አለችው።

ከእግሯ እስከ ራሷ አያትና መነጽሩን አወለቀ። "እትዬ፣ በአክብሮት ልንገርዎ። ይህ ሥራ እግር ይፈልጋል።"

"እግርማ አለኝ። ሁለት።"

"አምስት ወር ሊፍት የለም! ዘጠኝ ፎቅ፣ በቀን ሦስት ዙር፣ ቦርሳ ተሸክሞ። በጤና ምክንያት ጡረታ እንጻፍልዎና አርፈው ይቀመጡ።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ነው የሠራሁት፤ አሁን ደግሞ ከመቀመጥ ጡረታ ወጥቼ ልቀመጥ?"

ኃላፊው ሳቁን ዋጥ አድርጎ እስክሪብቶውን አነሳ። ሊፍቱ በሚነሳበት ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት ትፈተናለች። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ሦስቱን ዙር ጨርሳ በየፎቁ ካስፈረመች መደቡ የእሷ ነው። ካልቻለች የጡረታውን ወረቀት ትፈርማለች። "በጽሑፍ ይስጡኝ" አለች። በጽሑፍ ሰጣት።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ወረደ። ስድስተኛ ፎቅ ያሉት መሐንዲሶች ሊፍቱ ውስጥ ቆመው በፊቷ ይከራከሩ ጀመር። "አራተኛ ላይ ነው የምትቀረው" ይላል አንዱ። "ኧረ ሦስተኛን ካለፈች ስሜን ቀይሩት" ይላል ሌላው። እሷ እጀታውን እየገፋች "ስም አስብ፤ ጊዜህ አጭር ነው" ትለዋለች። ቤት ስትገባም የሚጠብቃት ያው ነው። ባሏ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሽቦ ዘርግቶ ነው የሚውለው። "አንቺ ሴትዮ፣ ከሶፋው ስትነሺ እኮ ጎረቤት ዕቃ የምናዛውር ይመስለዋል። አሁን ደግሞ ዘጠኝ ፎቅ!" አላት። "ሬዲዮህን ጠግን፤ ሌላውን ለእኔ ተወው" አለችው።

እዚህ ላይ የሊፍት ሠራተኛ ብቻ የሚሳሳተውን ስህተት ተሳሳተች። ለእሷ መውጣትና መውረድ የአንድ እጀታ ሁለት ጎን ናቸው፤ እጀታውም ሲወርድ ቀለል ይላል። ስለዚህ "ከቀላሉ ልጀምር" ብላ አሰበች። በምሳ ሰዓት፣ ለርክክብ ዕቃ ሊቆጥር የመጣውን ሊፍት ጠጋኝ "ዘጠነኛ አድርሰኝ፤ በእግሬ እወርዳለሁ" አለችው። አደረሳት፤ ወረደች። ትንፋሿ እንኳ ብዙም አልተቆረጠም። "ይኼው ነው እንዴ?" አለች። እንደገና አደረሳት፤ እንደገና ወረደች። አራት ጊዜ! በየፎቁ ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፤ አስሉት፣ ሰባት መቶ ዘጠና ሁለት ደረጃ ማለት ነው። ማታ እየዘፈነች ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት አመማት። በሦስተኛው ቀን ግን መጸዳጃ ቤት ለመቀመጥ የበሩን እጀታ ይዛ ባሏን ጠራች። ሥራ ቦታ ስትደርስ በርጩማው ላይ የተቀመጠችው ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ወደቀ ጆንያ ነበር። ሊፍት ጠጋኙ ይህን አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ምን ያስቅሃል? መውረድ እኮ ነው፤ አልወጣሁም!"

"እትዬ፣ ከዚህ ሊፍት ላይ ስንት ዓመት ሙሉ ምን ስቀይር ኖርኩ?"

"የፍሬን ሸራ።"

"ታዲያ የአንቺስ ፍሬን የት ያለ ይመስልሻል?" አለና በመፍቻው ጭኗን ጠቆማት።

ሰውዬው ሐኪም ባይሆንም ነገሩን አልሳተም። ደረጃ ስንወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ይገፋናል። ስንወርድ ደግሞ እየተለጠጠ ይይዘናል፤ በየእርምጃው ሙሉ ክብደታችንን አየር ላይ ተቀብሎ ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይህን ሲያደርግ ትንፋሽ ብዙ አይጠይቅም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚታለለው። ያልለመደ ጡንቻ ግን በዚያ መለጠጥ ውስጥ በዓይን የማይታይ ጉዳት ይደርስበታል፤ ሕመሙም አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው የሚበረታው። ከሁሉ የሚያስደስተው ክፍል ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ጡንቻው ሲያገግም ጠንክሮ ነው የሚመለሰው፤ ያንኑ ደረጃ ዳግም ሲወርድ ሕመሙ በብዙ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ የተቀጣበትን አይረሳም። ብዙ ጀማሪ ግን ይህን ሁለተኛ ጊዜ አያይም። በሦስተኛው ቀን "ለካ አልተፈጠርኩበትም" ብሎ ይተወዋል።

እትዬ ሊፍትም ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። የምታውቀው መሐንዲሶቹ ስትንፏቀቅ አይተው "ፈተናው ሳይጀመር አለቀ" ማለታቸውን ነው። ያ በቃት። አምስት ቀን አረፈች። በስድስተኛው ቀን ከሥራ ሰዓት በፊት መጥታ ከታች ወደ ላይ ጀመረች።

አሁን ዘዴ ያስፈልጋታል። ስንት ፎቅ ይበቃል? መቼ ይቆማል? የልብ ምት የሚለካ መሣሪያ የላትም። ያላት ሃያ ሁለት ዓመት የተጣራችበት ድምፅ ነው። እያንዳንዱ ፎቅ ስትደርስ እንደ ሥራዋ ትጣራለች። ድምፁ ሙሉ ከወጣ ትቀጥላለች፤ ከተቆረጠ ያን ቀን እዚያው ይበቃታል። እውነተኛ መለኪያ ነው። መናገር የሚችል ሰው ልቡን ገና አልጨረሰም፤ ቃል መሐል ላይ አየር የሚፈልግ ሰው ግን ልኩ ላይ ደርሷል።

የመጀመሪያው ጠዋት "አንደኛ! እንግዳ መቀበያ!" ጥርት ብሎ ወጣ። "ሁለተኛ! መዝገብ..." አለችና ቤቱ ቀረ። መዝገብ ቤት የምትሠራ ሴት በሩን ከፍታ "ምነው፣ ሊፍቱ ተበላሸ እንዴ?" አለች። "አዎ፣ እየተጠገነ ነው" አለች እትዬ ሊፍት ግድግዳውን ተደግፋ።

ሁለት ቀን ትወጣለች፤ አንድ ቀን ታርፋለች። ማረፉ ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ ሰውነት የሚገነባው በዕረፍቱ ነው፤ ደረጃው ትእዛዝ መስጫ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት "ሦስተኛ! ሂሳብ ክፍል!" አለች፤ ስሙን ሊያስቀይር የማለውን መሐንዲስ ያን ቀን ሊፍቱ ውስጥ "ስም አገኘህ?" አለችው። በአምስተኛው ሳምንት አምስተኛ ፎቅ ደረሰች።

ከዚያ ጉንፋን ጣላት። ስምንት ቀን ደረጃ አልረገጠችም። የብዙ ሰው ጉዞ የሚያበቃው እዚህ ነው፤ ሕመሙ ሳይሆን ከሕመሙ በኋላ ያለው ጠዋት ነው አስቸጋሪው። ባሏም ብርድ ልብሱን እየሳበላት፣ ለእሷ አዝኖ፣ "በቃ ይቅርብሽ። ከዜሮ ልትጀምሪ ነው እንዴ?" አላት። ተነስታ ጫማዋን አሰረች። በዚያ ጠዋት ድምፅዋ የተቆረጠው አራተኛ ላይ ነበር። አራተኛ! ዜሮ አይደለም። ሰውነት የተማረውን በስምንት ቀን አይጥልም፤ ቶሎ የሚጥለው ልባችን ነው። ማታ ለባሏ "ያጣሁት አንድ ፎቅ ነው። አንድ ፎቅ ለማን ብርቅ ነው?" አለችው። ባሏ ሬዲዮውን አጥፍቶ አያት፤ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጫማዋን በር ላይ ያስቀምጥላት ጀመር።

በዘጠነኛው ሳምንት "ዘጠነኛ! አስተዳደር!" የሚለው ድምፅ ባዶው ኮሪደር ላይ አስተጋባ። በአሥረኛው ሁለት ዙር በተከታታይ ወጣች። ሦስተኛ ዙር ግን ፈተናው እስኪደርስ ሞክራው አታውቅም ነበር።

ዓርብ ሊፍቱ ቆመ። ኃላፊው ቦርሳውንና የመላኪያ ደብተሩን አስረከባት። በየፎቁ ደብዳቤ ትሰጣለች፣ ተቀባዩ ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል። የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለቀ። በሁለተኛው ላይ ጉልበቷ ላይ ሙቀት ተሰማት። ሦስተኛውን አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ጀመረች። አምስተኛ ፎቅ የሚፈርመው ሰው ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ አሥራ አንድ ደቂቃ አስጠበቃት። ስድስተኛ ስትደርስ ጭኖቿ እንደ ተመታ የክራር ክር ይንቀጠቀጡ ነበር። መሐንዲሶቹ ፈረሙ፤ በዚያ ቀን አልቀለዱም። ስሙን ሊያስቀይር የነበረው ወንበር ይዞ ወጣ።

"እትዬ፣ በናትሽ ትንሽ ቁጭ በይ።"

"ወንበሩን ውሰድልኝ።"

"አንድ ደቂቃ ብቻ..."

"ውሰድልኝ አልኩህ! ከተቀመጥኩ አልነሳም። ራሴን አውቃለሁ።"

ስምንተኛ ፎቅ ላይ የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሆነ። መመለስ ትችል ነበር፤ ነገሩ አልቋል። የደረጃውን ብረት ያዘችና ወጣች።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ስድስት ሰዓት ከአራት ነው፣ እትዬ" አለ። በድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም። "ድካምዎን አደንቃለሁ። ነገር ግን የተባባልነው በጽሑፍ ነው።"

መናገር አልቻለችም። ደብዳቤውን ሰጠችው፤ ደብተሩን ከፍታ ዘረጋችለት። ትንፋሿን ስታገኝ "ይፈርሙ" አለች።

"ምን ብዬ?"

"'ዘግይቶ ደረሰ' ብለው። ግን ደርሷል። እጅዎ ላይ ነው።"

ዘግይቶ የደረሰ ደብዳቤ እንዴት እንደሚመዘገብ ሊያይ የኋላውን ገጽ ገለጠ። የቀድሞው አመላላሽ ነው የሞላው፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ጤነኛ ሰው። የዘጠነኛ ፎቅ ሦስተኛ ዙር፦ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። በማግስቱ፦ አሥር ሰዓት። ከዚያ ቀጥሎ፦ ነገ ይደርሳል። በሁሉም ሥር የኃላፊው ፊርማ አለ፤ "ዘገየ" የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም።

"እሱን እኮ እኔ ነበርኩ የማወጣው" አለች እትዬ ሊፍት። "በሊፍት።"

ኃላፊው የገዛ ፊርማዎቹን በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ የዕለቱን መስመር ፈለገና "ደርሷል፣ 6፡04" ብሎ ጽፎ ፈረመ። የጡረታውን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። "ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራሉ" አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሊፍት ጠጋኙ የበሩን ብረት እየፈታ ሳለ ከደረጃው የጫማ ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል እትዬ ሊፍትን አየ፤ ባዶ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች፣ እጇ ላይ የባሏ የእጅ ሰዓት አለ።

"አንቺ! ፈተናውን አልፈሽ የለም እንዴ? ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

"ሦስተኛውን ዙር ልሠራ። አራት ደቂቃ ዕዳ አለብኝ።"

"ሰውዬው ደርሷል ብሎ ፈርሞልሽ የለ?"

"እሱ ፈርሟል" አለች፣ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ። "እኔ ገና አልፈረምኩም።"