«ደረስኩ»

የመድኃኒት መጋዘኑን ግምጃ ቤት የሚጠብቁትን ሰው ሠራተኛው ጋሽ እስቲልየው ይላቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቶን በገባ ቁጥር ከአፋቸው ቀድሞ የሚወጣው «እስቲ ልየው» ነው። ማኅተሙን በጥፍራቸው ይፈትሻሉ፣ የተቆጠረውን ደግመው ይቆጥራሉ። ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» ያላቸውን ሰው እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን ብለው ያዩታል እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

በስልክ የሚሞላውን አዲሱን የዕቃ መዝገብ ደግሞ ከሰውም አብልጠው ጠረጠሩት። ፋብሪካው፣ ሹፌሩ፣ መጋዘኑና ሆስፒታሉ የዚያኑ መዝገብ ቅጂ በየስልካቸው ይይዛሉ። አንዱ የጻፈው ወዲያው ሁሉም ዘንድ ይታያል። የተጻፈን የሚሰርዝ የለም፤ የተሳሳተ ሰው ከሥሩ ሌላ መስመር ይጨምራል እንጂ። ዕቃ መንገድ ላይ በተበላሸ ቁጥር «እኔ ዘንድ እያለ ደህና ነበር» መባባል ስለበዛ የመጣ ነው። ጋሽ እስቲልየው አለቃው ማን እንደሆነ ጠየቁ። አለቃ የለውም፣ የሁላችሁም ነው ተባሉ። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም ብለው አጉረመረሙ።

ሳያዩ የሚያምኑት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሚስታቸው ታናሽ ወንድም፣ መድኃኒት የሚያመላልሰው ሹፌር።

አንድ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደወለና «ጋሼ፣ ደረስኩ» አላቸው። የጫነው በበረዶ ሳጥን የታሸገ ኢንሱሊን ነው። አውራጆቹ ቶሎ እንዲዘጋጁ ብለው መዝገቡ ላይ «ደረሰ» ብለው ጻፉ። መኪናው የግቢውን በር ያለፈው ግን ሰባት ሰዓት ላይ ነበር።

ከምሳ በኋላ የመጋዘኑ ኃላፊ አስጠራቻቸው። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት የራሷን ቅጂ አይታ ዕቃውን አልረከብም ብላለች። እሳቸው ደረሰ ባሉበት ሰዓት መኪናው ከከተማ ውጭ ቆሞ እንደነበር መኪናው ላይ የተገጠመው መከታተያ መሣሪያ እዚያው መዝገብ ላይ አስፍሯል። ኃላፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሦስቱ ሰዓት ውስጥ ሳጥኖቹ ተከፍተው እንደሆነ፣ እሳቸውም የሚያውቁት ነገር እንዳለ ጠየቀቻቸው። እስኪጣራ ድረስ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለቻቸው።

ወጥተው ወደ ሹፌሩ ሄዱ። መኪናውን ተደግፎ ሳቀባቸው።

«ደረስኩ ማለት እየመጣሁ ነው ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ፣ ጋሼ?»

ጎማ ፈንድቶበት ሲቀይር ነው የዘገየው። ማሽኑ ተሳስቷል ይበሏቸው፣ እህቴን በከንቱ አያስጨንቋት አላቸው።

ጎንበስ ብለው በመኪናው ሥር አዩ። ስኮርታው፣ መለዋወጫው ጎማ፣ በቦታው ታስሯል። ብሎኑን የሸፈነው ጭቃ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ መፍቻ ከነካው ወር ሳያልፍ አይቀርም።

እጃቸውን ጠራርገው ስልካቸውን አወጡና መዝገቡን ከፈቱ። «አራት ሰዓት ላይ ሳላይ ደረሰ ብያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ጻፉ። ሚስታቸው ፊታቸው ድቅን አለች። ጣታቸው ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ቀጠሉ። «ሹፌሩ ጎማ ቀየርኩ ይላል። የስኮርታው ብሎን አልተነካም።»

የሹፌሩ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አውጥቶ ሲያነብ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ይህን ያጥፉልኝ» አለ።

«አይጠፋም» አሉት።