ጥንቸሎቹ ከቤታችን የወጡበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ፣ ራቤል በምትባል ደጋ ከተማ በነበረው ቤታችን የጥንቸል ተረት ያልተነገረበት ምሽት ትዝ አይለኝም። ተረቱን የሚያወሩልን የእናቴ አባት ነበሩ፤ እኔና ታናሽ እህቴ ስንቅነሽ «አባባ» እንላቸዋለን። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር እናቴ ኩራዝ ትለኩሳለች፤ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው ምድጃው ዳር እንኮለኮላለን። አባባ ፍሙን በእንጨት ጫፍ እየቆሰቆሱ፣ ታምሜያለሁ ብላ ነብር ጀርባ ላይ ተፈናጥጣ ገበያ ስለወጣችው ጥንቸል ያወሩልናል። ስንቅነሽ «ከዚያስ? እንዴት አመለጠች?» ትላለች። ጥንቸሏ ሁልጊዜ ታመልጥ ነበር።

አባቴ የደብረ ብርሃን መስመር ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ሁለት እውነተኛ ጥንቸሎች በካርቶን ይዞልን መጣ፤ አንዷ ነጭ፣ አንዱ አመድማ። በእኛ አገር ጥንቸል መብላት እርም ነው፤ ለጨዋታ ብሎ የሚያረባም አይቼ አላውቅም። እናቴ ፊቷን ብታጨፈግግም ከጓዳው ጥግ ቦታ ሰጠቻቸው። የጎመን ቅጠል ከእጃችን ይበላሉ፣ ማታ ማታ ስንቅነሽ እቅፍ ውስጥ ሆነው እነሱም ተረት የሚሰሙ ይመስለን ነበር። ክረምት ሲገባ ነጯ ወለደች። የጎረቤት ልጆች እየመጡ ግልገሎቹን አዩ። ዳሩ ግን ግልገሎቹ ብርዱን አልቻሉትም፤ ተራ በተራ ሞቱ፣ አባባም ከአጥሩ ጀርባ ቀበሯቸው።

በዚያው ክረምት እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት አባቴ ከወዲያ ቀርቷል፤ ስልክም አይሠራም። የማኅበሯ ተራ ደርሶ ሴቶቹ ቤታችን ተሰበሰቡ። እናቴ ዳቦውን አዞረች። ሁሉም ተቀበሉ፣ ማንም ግን አልቆረሰም። እኔንም ስንቅነሽንም ያዋለዱን ጎረቤታችን እትዬ አሰለፈች ሳይቀሩ ዳቦውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች እናቴ።

«እንዳትቀየሚን፣ ደብሪቱ» አሉ እትዬ አሰለፈች። «እዚህ ቤት የጥንቸል ሥጋ ይበስላል እየተባለ ነው።»

«ኧረ በማርያም! ልጆቹ እኮ ናቸው የሚጫወቱባቸው!»

«ይሆናል። ግን ጥንቸሏ ወልዳ ነበር ተባለ። ግልገሎቹ የት ገቡ?»

«በእጄ ቀበርኳቸው» አሉ አባባ ከመደቡ ላይ። ሴቶቹ ዳቦውን ሌማቱ ላይ እየመለሱ አንድ በአንድ ወጡ።

ያን ምሽት እናቴ እሳቱ ዳር ቆማ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «አባቴ፣ እነዚህ ነገሮች ከቤቴ ይውጡልኝ» አለች።

«የልጆቹ አባት እስኪመጣ ብንታገሥ?» አሉ አባባ።

«ልጁ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ምጥ ሲይዘኝ ማንን ልጥራ?»

አባባ ፍሙን ቆሰቆሱ። ስንቅነሽ ነጯን እንዳቀፈች «ተረት ያውሩልን» አለቻቸው። «ጥንቸሏ አንድ መንደር ደረሰች» ብለው ጀመሩ፤ «ሰዎቹም ፈሯት…» እዚያ ላይ ቆሙ። «ከዚያስ?» አለች። «ዛሬ ደክሞኛል፣ የኔ ልጅ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጧት ሁለቱንም ቅርጫት ውስጥ አስገብተው፣ ጋቢያቸውን ጣል አድርገውበት ከከተማው በላይ ወዳለው የጓሳ ሣር ሜዳ ወጡ። ሲመሽ ጭቃና ጉም ለብሰው ተመለሱ። ስንቅነሽ «ዘመዶቻቸው ተቀበሏቸው?» ስትላቸው «ተቀበሏቸው» አሉ፤ የዱር ጥንቸሎች ከየሣሩ ሥር ወጥተው እንዴት እንደሳሟቸው ሳይቀር አወሩላት። እራት ግን አልበሉም።

በማግሥቱ ብቻቸውን አግኝቼ «እውነት ነው?» አልኳቸው።

«ሣሩ ላይ አስቀመጥኳቸውና መንገዴን ጀመርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «አልሮጡም። ተከትለውኝ መጡ። አፈር እየወረወርኩ መለስኳቸው።»

ብዙም ሳይቆይ እናቴን ምጥ ያዛት። እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን አደግድገው ሲገቡ ጥንቸሎቹ ወደነበሩበት ጥግ አንዴ ብቻ አይተው ወደ እናቴ አለፉ። ምጡ ሲጠናባት የሰፈሩን ወንዶች ጠርተው በቃሬዛ አሸከሟት፤ በዚያ ጭቃ ጤና ጣቢያ ድረስ ሌሎቹም ሴቶች አብረዋት ሄዱ። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር ተባለ። ወንድሜ ተወለደ። ሴቶቹ ቤታችን ገብተው ገንፎውን ራሳቸው አገነፉ፣ እልል አሉ፣ ጠርገው በሉ። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና አፋቸውን ትመለከት ነበር፤ እያንዳንዷ ሴት በጎረሰች ቁጥር የእናቴ ፊት ይፈታል። ስንቅነሽ ገንፎ ቢሰጧት እምቢ አለች።

አባባ ዛሬ የሉም። ተረቶቻቸው ብዙዎቹ ጠፍተውኛል፤ አፈር ስለመወርወራቸው የነገሩኝን ግን አልረሳሁትም። ያንን ባሰብኩ ቁጥር እናቴን ልወቅስ ይዳዳኛል። አንዳንዴ ልወቅሳት አፌን ስከፍት ወንድሜ ቁመቱ በሩን ሞልቶ፣ ራሱን ጎንበስ አድርጎ ይገባል። ያኔ ዝም እላለሁ፤ እሷም ዝም ያልኩበትን ምክንያት ታውቃለች።