የበረንዳችን ፀሐይ

ገላን ኮንዶሚኒየም የገባነው ሰኔ ውስጥ ነው፤ እናቴና እኔ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዕጣው የወጣው በእሷ ስም ቢሆንም ቤቱን የወደድኩት እኔ ነበርኩ። የእሷ ልብ ለዓመታት ተከራይተን ከኖርንበት የአቃቂ ግቢ አልወጣም። የግቢው ባለቤት ጓደኛዋ ናቸው፤ «ክፍልሽ እስከ መስቀል ሰው አይገባበትም» ብለዋታል። እናቴም መስቀልን ውላ፣ እኔን እዚህ ትታ ልትመለስ ቆርጣለች። ምክንያቷ አንድ ነው።

«ይሄ ቤት ፀሐይ አያውቀውም።»

እውነቷን ነበር። በረንዳችን ወደ ደቡብ ያያል። ክረምቱን ዝናቡ ጋብ ሲል እንኳ ፀሐይዋ ከሕንጻው ጀርባ ናት፤ ቀትር ላይ የሕንጻው ጥላ ከበረንዳችን በታች ያለው ጭቃ ላይ ይተኛል።

ነሐሴ ላይ እናቴ እንደ ልማዷ ለአዲስ ዓመት ጋቢዋን አጠበች። በድሮው ግቢ ገመዱ ሜዳ ላይ ስለተወጠረ ደመናው በተገለጠ ቁጥር ፀሐይ ታገኘው ነበር። እዚህ ግን ጋቢው በረንዳው ላይ ሲንጠባጠብ ሰነበተና ሸተተ። ደግማ ልታጥበው ሳሙና ፍለጋ ወረድን። ምድር ቤት ሱቅ ያለው የስልጤ ልጅ ነገሩን ሰምቷል።

«እማማ፣ ክረምቱ አልወጣ ያለው እኮ የእርስዎ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው» አላት።

«አንተ ሳሙናህን ስጠኝ።»

«ሳሙናስ ሞልቷል። ያላስመጣሁት ፀሐይ ነው።»

ደረጃውን እየሳቀች ወጣች። ጋቢው ድጋሚ ሲሸት ግን አልሳቀችም።

ክርክር አልችልበትም። ማየት ግን እወዳለሁ፤ ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ የምሠራው በማታ ፈረቃ ስለሆነ ቀትር ላይ ቤት ነኝ። ጳጉሜን ሊገባ ሲል ጭቃው ላይ የሚተኛው ጥላ እያጠረ ወደ ግድግዳው መጠጋቱን አየሁ። አንድ ቀን ደመናው ሲከፈት የበረንዳው ብረት ላይ ክር የምታህል ብርሃን አረፈች። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ በማግስቱ ዘነበ።

ከዘመን መለወጫ በኋላ ብርሃኗ ወደ ሲሚንቶው ወረደች። ቀትር ላይ የደረሰችበትን ቦታ በከሰል አሰመርኩ። እናቴ ስትወለውል አጠፋችው። መልሼ አሰመርኩ።

«ምን ሆነህ ነው ቤቱን የምታቆሽሸው?»

«ፀሐይዋ የደረሰችበት ነው።»

ጎንበስ ብላ አየች። «ይቺ? ጥፍር አታህልም።»

«ትናንት ጥፍርም አልነበረችም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስትወለውል መስመሩን እየዞረች ታልፈው ጀመር።

መጀመሪያ ላይ የምጠብቀው መስቀልን ነበር፤ ፀሐይዋ ቀድማ ደርሳ ለእኔ እንድትከራከርልኝ። መሐል ላይ ግን መጠበቁን ረሳሁት። የእግር መንገዱ ጭቃ ከዳር ጀምሮ ሲነጣ፣ መሐሉ ግን ገና እርጥብ ሆኖ ሲቀር አየሁ። የከባድ መኪኖቹ ጎማ ጠዋት ጭቃ ይረጫል፣ ከሰዓት አቧራ ያስነሳል። ተጀምሮ በቀረው ግንባታ፣ በዛገው ፌሮ መሐል አደይ ፈነዳ። ባለሱቁ ደጁ ላይ የወጠረውን ላስቲክ አወረደ፤ ሲዘንብ መልሶ ሰቀለው፤ በሦስተኛው ጠቅልሎ አስቀመጠው። ይህን ሁሉ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ለእናቴ እነግራታለሁ። «ሥራ ፈት» ትለኛለች፤ ቀጥላ ደግሞ «አደዩ ጨመረ?» ብላ ትጠይቃለች።

የመስቀል ማግስት ጋቢውን ለሦስተኛ ጊዜ አጠበችና ከብረቱ ጠጋ አድርጋ ሰጣችው። በዚያው ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት፣ የአቃቂው ግቢ ባለቤት ጓደኛዋ ደወሉ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው የጋቢውን ጥለት ያዘች። ጨመቅ አድርጋ አየችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። እኔ ብረቱን ተደግፌ፣ የማልሰማ መስዬ ቆሜያለሁ።

«በይ ሰው አስገቢበት» አለች። «የለም፣ አላኮረፍኩም። እሑድ መጥቼ እጠይቅሽ የለ?»

ስልኩን ዘጋች። በርጩማዋን ወደ ከሰሉ መስመር ሳብ አድርጋ እግሮቿን ዘረጋች። ቀና ብላም አየችኝ።

«እዚያ አትገተር እንግዲህ፤ ፀሐዬን ጋረድክብኝ።»